ቀልዱን ማን ያውቃል?
በጋራ ሥራ መካከል ስለሚገቡ አብሻቂዎችና ስለ ቋንቋቸው



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ከመማሪያ መጻሕፍት ወጣ ያለ፣ ለኑሮ ግን የሚጠቅም አንድ ትምህርት እናቀርባለን። የዘንድሮውን ርዕስ የመረጠልን የዓመቱ ሥራ ራሱ ነው። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ልጆቻችን በኢንተርኔት በጋራ ይጽፉት በነበረው የቃላት መዝገብ ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ወሬው ከቤት ቤት ሲዞር እየተለዋወጠ ስለሄደ፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ይገባናል። በመጀመሪያ ትምህርቱን፣ ቀጥሎ የእኛን ታሪክ፣ በመጨረሻም በክፍልና በቤት የምትወያዩባቸውን ጥያቄዎች እናስቀምጣለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃሉና ትርጉሙ

ሰዎች በኢንተርኔት ተሰብስበው በሚሠሩበት ወይም በሚወያዩበት ቦታ ገብቶ፣ ሆን ብሎ ሌላውን የሚያናድድ ወይም የሚያታልል፣ በዚያም የሚደሰት ሰው በእንግሊዝኛ «ትሮል» ይባላል። ቃሉ ሁለት ነገር ያስታውሳል። አንደኛው በስካንዲኔቪያ ተረቶች በተራራና በዋሻ የሚኖረው አስፈሪ ፍጡር ነው። ሁለተኛው የዓሣ አጥማጆች ዘዴ ነው፤ ጀልባው ቀስ እያለ ሲሄድ ምግብ የተሰካበት መንጠቆ ከኋላ ይጎተታል፣ ዓሣውም ምግብ መስሎት ይውጠዋል።

ለርዕሳችን ይበልጥ የሚስማማው ሁለተኛው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩዝኔት በሚባለው የውይይት መረብ ላይ፣ በከተማ አፈ ታሪኮች ላይ በሚወያይ አንድ ቡድን ውስጥ፣ ነባር አባላት ብዙ ጊዜ የተመለሰን ጥያቄ እንደ አዲስ አድርገው ይጽፉ ነበር። ነባሩ ሰው ገብቶት ፈገግ ብሎ ያልፋል። አዲስ ገቢው ግን የምር መስሎት ረጅም ማብራሪያ ይጽፋል፤ መንጠቆውን ዋጠ ማለት ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ «አብሻቂ» የሚለውን ቃል እንጠቀማለን። ተማሪዎቻችን በየቀኑ «አታብሽቀኝ» ሲባባሉ ስለምንሰማ ቃሉ ማብራሪያ አያሻውም። ወላጆች ደግሞ «ጠብ ያለሽ በዳቦ» የሚለውን አነጋገር ታውቃላችሁ፤ ዳቦ ከፍሎም ቢሆን ጠብ የሚሸምት ሰው ነው። አብሻቂም ከዚህ አይርቅም፤ የሚለየው እየሳቀ መምጣቱ ነው።

2. ጨዋታ ጨዋታ የሚሆነው መቼ ነው?

አብሻቂን ስንወቅስ ጨዋታን አብረን እንዳንወቅስ መጠንቀቅ አለብን። ግሪጎሪ ቤትሰን የተባለው ምሁር በ1952 በሳን ፍራንሲስኮ የእንስሳት ማቆያ ሁለት ወጣት ዝንጀሮዎች ሲጫወቱ ተመለከተ። ድርጊታቸው ጠብ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለቱም ጠብ አለመሆኑን ያውቃሉ። በ1955 ባሳተመው ጽሑፍ ቤትሰን ከዚህ ተነሥቶ እንዳስረዳው፣ ጨዋታ ሊኖር የሚችለው ተጫዋቾቹ «ይህ ጨዋታ ነው» የሚል መልእክት መለዋወጥ ከቻሉ ብቻ ነው።

ይህን ለመረዳት ግን ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። በእኛ ባህል ተረብ አለ። ተራቢው ሲናገር ተተራቢው አጸፋውን እያዘጋጀ ነው፤ ዙሪያውን ያለው ሰው እየሳቀ ይዳኛል። እዚህ ናይሮቢ ልጆቻችን ከሰፈር ጓደኞቻቸው ጋር ምቾንጎአኖ ይጫወታሉ። በዚያ ጨዋታ ስድቡ የሚያስቀው እውነት ሊሆን እስከማይችል ድረስ ስለሚጋነን ነው፤ እውነተኛ ጉድለት የነካ ልጅ ጨዋታውን አበላሸ ይባላል። ስዋሂሊ በሚነገርበት አካባቢም ኡታኒ የሚባል ልማድ አለ፤ ወግ የፈቀደላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ አያትና የልጅ ልጅ፣ ሳይቀያየሙ የሚቀላለዱበት ነው።

በሰምና ወርቅ ቅኔም እንዲሁ ነው። አድማጭ ለጊዜው በሰሙ ይደናገራል። ባለቅኔው ግን የሚደሰተው ወርቁ ሲገኝለት ነው፤ ማንም ያልፈታው ቅኔ ለባለቤቱም አይጥመውም። አብሻቂ የሚደሰተው በተቃራኒው፣ አድማጩ ሳይገባው ሲቀር ነው። ጁዲት ዶናት የተባለችው ተመራማሪ በ1999 ባወጣችው ጽሑፍ ማብሸቅ ጨዋታ መሆኑን አልካደችም፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ተጫዋቾች ሳይስማሙ የገቡበት ጨዋታ መሆኑን አሳይታለች። ስለዚህ ተማሪዎቻችን እንዲይዙልን የምንፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ቀልዱን ማን ያውቃል? ሁለቱም ወገን የሚያውቁት ከሆነ ጨዋታ ነው። አንዱ ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ሌላው ተጫዋች ሳይሆን መጫወቻ ነው።

በጽሑፍ ደግሞ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ፊት አይታይም፣ የድምፅ ቃና አይሰማም፣ ጥቅሻ የለም። ችግሩ የቆየ ነው። በ1982 በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር የነበረው ስኮት ፋልማን፣ ባልደረቦቹ በኮምፒውተር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቀልድንና ቁም ነገርን መለየት ሲያቅታቸው፣ ከሁለት ነጥብ፣ ከሰረዝና ከቅንፍ የተሠራውን በጎን የሚነበብ ፈገግታ ለቀልድ ምልክት እንዲጠቀሙ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ በስልካችን የምንልካቸው ልዩ ልዩ ፊቶች የዚያን ሥራ ይቀጥላሉ፤ «ይህ ጨዋታ ነው» ይሉልናል።

3. የአብሻቂ ቋንቋ አምስት መልኮች

አብሻቂ ሁልጊዜ ተሳዳቢ አይደለም። ተሳዳቢን ማንም ያውቀዋል። አስቸጋሪው ቋንቋ ማወቅ የሚወደው፣ በቃላት መጫወት የሚችለው ነው። እንደ ዊኪፔዲያ ባሉ፣ ማንም ሰው ገብቶ መጻፍና ማረም በሚችልባቸው የጋራ ሥራዎች ውስጥ የሚከተሉት መልኮች ደጋግመው ይታያሉ።

ሀ. የውሸት የዋህነት። «እኔ መጠየቄ ብቻ ነው» እያለ፣ መልስ የማይፈልግበትን ጥያቄ ይጥላል። መልስ ሲሰጠው አሁንም ያልገባው መስሎ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፤ ሰው ተሰላችቶ ሲቆጣ «ምን አጠፋሁ?» ይላል።

ለ. የስም ጨዋታ። የተከበረ ሰው የሚጠቀምበትን ስም በአንድ ፊደል ለውጦ ይይዛል። በፊደላችን ይህ በተለይ ቀላል ነው። «ሰላም» እና «ሠላም» ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በችኮላ የሚያነብ ሰው ማን እንደጻፈ ሳያስተውል ያልፋል።

ሐ. የመዝገብ ድምፅ። በሬ ወለደ የሚያሰኝ ነገር በቁም ነገር ቃና፣ ከቁጥርና ከዓመተ ምሕረት ጋር ይጽፋል። ቀልዱ ያለው በይዘቱና በቃናው መካከል ባለው ርቀት ነው። ርቀቱ ሰፊ ሲሆን አንባቢ ይስቃል፤ ሲጠብ ግን አንባቢ ያምናል።

መ. ደንብ ጠቃሽነት። የማኅበሩን ሕግ ከማንም በላይ ሸምድዶ፣ በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ እየጠቀሰ ሥራውን ያስቆማል። የሚናገረው የዳኛ ቋንቋ ነው፤ ዓላማው ግን ዳኝነቱን መቀለጃ ማድረግ ነው።

ሠ. አዝማች። አንድ ሐረግ ይመርጥና በየቦታው ይደግመዋል። በ2000ዎቹ አጋማሽ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ አንድ ሰው የየገጹን ርዕስ እየቀየረ መጨረሻው ላይ «በጎማ ላይ» የሚል ሐረግ ይቀጥል ነበር። መጀመሪያ ላይ ሰው ሳቀ። ወሬው ሲዛመት ግን አስመሳዮቹ በዙ፤ የበጎ ፈቃድ ሠራተኞችም ርዕስ ሲመልሱ ዋሉ።

ሰዎች ይህን ለምን ያደርጋሉ? ፕኒና ሻሐፍና ኖሪኮ ሃራ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 ባሳተሙት ጥናት የዕብራይስጡን ዊኪፔዲያ አስተዳዳሪዎች ጠይቀው ነበር። ካገኟቸው ምክንያቶች ውስጥ መሰላቸት፣ የሰው ዓይን ውስጥ የመግባት ፍላጎትና በቀል ይገኙበታል። ለእኛ ለመምህራን እነዚህ ሦስት ነገሮች እንግዳ አይደሉም፤ በየክፍሉ የኋላ ወንበር የምናውቃቸው ናቸው።

4. ከውጭ ሁለት ታሪኮች

የመጀመሪያው ስለ ዝሆን ነው። በጁላይ 31 ቀን 2006 ስቲቨን ኮልቤር የተባለ አሜሪካዊ ቀልደኛ በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ላይ፣ በቂ ሰው ከተስማማበት ማንኛውም ነገር እውነት ይሆናል እያለ አሾፈ። ከዚያም ተመልካቾቹ ወደ ዊኪፔዲያ ገብተው «የአፍሪካ ዝሆኖች ቁጥር ባለፉት ስድስት ወራት ሦስት እጥፍ ሆነ» ብለው እንዲጽፉ ጋበዘ። ብዙዎች ጻፉ። ስለ ዝሆን የሚናገሩ ገጾች ለጊዜው ተቆለፉ።

አምቦሴሊ ሄደው ዝሆን ያዩ ተማሪዎቻችን ውሸቱን በራሳቸው ሊያፈርሱት ይችላሉ። ዝሆን የምታረግዘው ወደ 22 ወር ገደማ ነው። ታዲያ በስድስት ወር ቁጥሩ እንዴት ሦስት እጥፍ ይሆናል? የኮልቤር ቀልድ ዓላማ ነበረው፤ እውነት በእጅ ብልጫ እንደማይወሰን ማሳየት ነበር፤ ተመልካቹም ቀልድ መሆኑን ያውቃል። ሆኖም ገጹን ሲያጸዱ ያመሹት ሰዎች በቀልዱ አልተጋበዙም ነበር። አንድ ቀልድ በአንድ ክፍል ጨዋታ፣ በሌላው ክፍል ሸክም ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ታሪክ የሰው ስም የነካ ነው። ጆን ሲገንታለር ታዋቂ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነበሩ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሮበርት ኬኔዲ ረዳት ሆነው ሠርተዋል። በሜይ 2005 ስሙን ያልገለጸ ሰው በዊኪፔዲያ ላይ፣ በጆን ኬኔዲና በሮበርት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው ነበር ብሎ ጻፈባቸው። ነገሩ ፍጹም ሐሰት ነው። ሆኖም ከአራት ወር በላይ እዚያው ተቀመጠ። ሲገንታለር የአለቃቸውንና የወዳጃቸውን ገዳይ ተብለው ሲጠሩ ምን እንደተሰማቸው በኖቬምበር 2005 በጋዜጣ ጻፉ። ጸሐፊው በኋላ ሲገኝ ለሥራ ባልደረባው ያዘጋጀው ቀልድ እንደነበር ተናገረ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር እንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ያልተመዘገቡ ሰዎች አዲስ ገጽ እንዳይከፍቱ ከለከለ። የአንድ ሰው ቀልድ ለብዙ ቅን ሰዎች በር ዘጋ ማለት ነው።

5. በእኛ ቤት የሆነው

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ከ8ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከአያቶቻቸውና ከወላጆቻቸው የሰሟቸውን የቤት ቃላት በአንድ የጋራ ሰነድ ላይ እንዲሰበስቡ አድርገን ነበር። ሁሉም መጻፍ፣ ሁሉም ማረም ይችላል። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ቃላት ተሰበሰቡ።

አንድ ሰኞ ጠዋት «ምጣድ» የሚለው ቃል ፊት እንዲህ ተጽፎ አገኘን፦ «ክብ መንኮራኩር። ለመነሣት ጭስ፣ ለማረፍ ሰፌድ ያስፈልገዋል።» እውነቱን ለመናገር በመምህራን ክፍል ተሳቀ። ማንም አላስተካከለውም። ሳቃችን በር ላይ ቆመው ለነበሩ ተማሪዎች ተሰማ፤ ይህ የመጀመሪያው ጥፋታችን ነው። ሳምንቱ ሳያልቅ ብዙ ቃላት ተቀየሩ። አንዳንዱ ያስቃል፤ አንዳንዱ እውነት ስለሚመስል ትንንሾቹ ልጆች በደብተራቸው ገለበጡት።

ከተቀየሩት ውስጥ «አገልግል» ነበረ። ቃሉን ያስገባችው ተማሪ አያቷ እንዴት አድርገው ለመንገደኛ ስንቅ እንደሚቋጥሩበት፣ ክዳኑ እንዴት እንደሚታሰር በጥሩ አማርኛ ጽፋ ነበር። በሥሩ አንድ ሰው «የጥንት ማቀዝቀዣ። የዋስትና ጊዜው ከባለቤቷ ጋር አብቅቷል።» ብሎ ጨመረበት። የጻፉት ልጆች ያላወቁት ነገር ነበር። የተማሪዋ አያት ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ አበባ አርፈው፣ ልጅቷ ለቀብር መሄድ አልቻለችም ነበር። እሷ ደግሞ ጸሐፊዎቹ አለማወቃቸውን አላወቀችም። ሰው በአያቷ ሞት የቀለደባት መስሏት ሰነዱን መክፈት ተወች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ሁለተኛው ጥፋታችን ከዚህ የከፋ ነው። በዚያው ሳምንት በዓመቱ አጋማሽ ከጁባ የመጣ አንድ ተማሪ በሰነዱ ላይ «ጉልቻ ስንት ነው? ሦስት ነው አራት?» ብሎ ጠይቆ ነበር። የፊደል አጻጻፉም የተሳሳተ ነበር፤ አንዱን ቃል በሁለት ዓይነት «ሀ» ይጽፈዋል። እኛ በዚያን ጊዜ ሁሉንም ነገር በጥርጣሬ እናነብ ስለነበር፣ ጥያቄውን እንደ ሹፈት፣ አጻጻፉን እንደ ማስመሰል ወሰድነው። ቢሮ አስጠርተን ተቆጣነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

የሰነዱን የለውጦች ታሪክ ተረጋግተን ስንመረምር ግን እሱ ከዚያች ጥያቄ በቀር አንድ ቃል አልነካም። ያደገው በጋዝ ምድጃ በሚበሰልበት ቤት ነው፤ ጉልቻ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የምሩን ነበር የጠየቀው። ቀልዶቹን የጻፉት ደግሞ በአማርኛ ከሚበልጡት ተማሪዎቻችን ሁለቱ ነበሩ። አብሻቂን ስንፈልግ አማርኛ የሚቸገረውን ያዝን፤ ቋንቋውን የሚጫወትበትን አለፍን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን የተመነጠርነው ያለ ቦታው በመጠርጠራችን ነው።

ልጁን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው። ወላጆቹንም ጠርተን እንዲሁ አደረግን። ሁለቱ ተማሪዎች ስለ አያትየዋ ሲነገራቸው አንደኛው አለቀሰ። «ቀልዳችንን ነበር» አሉ፤ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ቀልዱን የሚያውቁት ሁለት ብቻ ነበሩ። ቅጣታቸው የቀየሩትን ቃል ሁሉ አንድ በአንድ መመለስና ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው የተማሪዋ ቤት ለቅሶ መድረስ ነበር። አገልግል የሚለውን ቃል ልጅቷ ራሷ እንደገና ጻፈችው። ጉልቻ ሦስት መሆኑን ደግሞ ከጁባ የመጣው ተማሪ በመዝገቡ ላይ እንዲጽፍ አድርገናል።

6. ምን እናድርግ?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለሚቀጥለው ዓመት የያዝናቸው መመሪያዎች አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ ቅንነትን አስቀድሙ። የዊኪፔዲያ ሰዎችም አንዱ ዋና ደንባቸው ይህ ነው፤ አዲስ ገቢን እንዳትነክሱ የሚል ምክርም አላቸው። ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ስታዩ አንድ ጊዜ በትሕትና መልሱ። ቅን የሆነው ያመሰግናል፤ አብሻቂው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጥያቄ ራሱን ይገልጣል።

ሁለተኛ፣ ያለ ንግግር አስተካክሉ። በጋራ ሰነድ ላይ የቀድሞው ጽሑፍ አይጠፋም፤ ከለውጦች ታሪክ መመለስ ይቻላል። እንጨት ያልተጨመረበት እሳት ይከስማል። መልሳችሁ፣ ቁጣችሁ፣ ረጅም ማብራሪያችሁ እንጨት ነው።

ሦስተኛ፣ አታስወሩለት። የሠራውን ፎቶ አንሥቶ ለሌላ መላክ፣ «እዩልኝ ምን እንደጻፈ» ማለት፣ ዝና መስጠት ነው። የእኛም ሳቅ የሠራው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፣ ዝም የማይባልበትን ለዩ። ዝምታው ለአብሻቂው ነው እንጂ ለተጎዳው አይደለም። የሰው ስም፣ ሐዘን፣ ሃይማኖት፣ ብሔር ወይም አካል የተነካ እንደሆነ፣ ዛቻም ካለ፣ ለመምህር ወይም ለወላጅ ወዲያው ንገሩ፤ የተጻፈውንም ሳትሰርዙ በማስረጃነት አስቀምጡ። የተነካውን ጓደኛችሁንም ሄዳችሁ አናግሩት።

አምስተኛ፣ ቀልዳችሁን በስማችሁ ቀልዱ። ስሙን የሚፈርምበት ቀልድ ያለው ልጅ ያስቀን፤ ስሙን የሚደብቅበት ቀልድ ያለው ግን ለምን እንደሚደብቀው ራሱን ይጠይቅ። ሁለቱ ተማሪዎቻችን የዚህን መጽሔት የጨዋታ ገጽ አዘጋጅተዋል። የምጣዱ መንኮራኩርም እዚያ፣ ከስማቸው ጋር ታትሟል፤ እንደገና ሳቅንበት።

7. የመወያያ ጥያቄዎች

ለተማሪዎች፦

1. ባለፈው ሳምንት ከተናገራችኋቸው ወይም ከጻፋችኋቸው ቀልዶች አንዱን አስታውሱ። ቀልድ መሆኑን ማን ማን ያውቅ ነበር?

2. በተረብና በማብሸቅ መካከል ያለውን ልዩነት ከራሳችሁ ገጠመኝ አንድ ምሳሌ ሰጥታችሁ አስረዱ።

3. «በሬ ወለደ» የሚባል አንድ ዜና ፈልጉና፣ በዝሆኑ ታሪክ እንዳደረግነው፣ ሐሰትነቱን በምታውቁት እውነት አሳዩ።

ለወላጆች፦

1. ልጅዎ በቤተሰብ የስልክ ቡድን ውስጥ የሚያየው ቀልድ ምን ዓይነት ነው? የሚሳቅበት ሰው በቡድኑ ውስጥ ቢኖር አብሮ ይስቅ ነበር?

2. ልጅዎ በኢንተርኔት በተጻፈበት ነገር ቢያዝን ለእርስዎ ለመንገር የሚያስቸግረው ነገር ምንድን ነው?

የቃላት መዝገቡ በሚቀጥለው ዓመትም ለሁሉም ተማሪ ክፍት ሆኖ ይቆያል። እንድንዘጋው የመከሩን ነበሩ፤ ምክራቸውን ብናከብርም አልዘጋነውም። ብንዘጋው ኖሮ ስለ ጉልቻ የሚጠይቀው ልጅ የት ይጠይቅ ነበር? አሁን በመዝገቡ 312 ቃላት አሉ። የእናንተን ቤት ቃል እንጠብቃለን።